አማቴ ከሞቱ በኋላ የወቀጡት

ሴፕቴምበር 4፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ዝናብ፣ በመሀል ለለውጥ ያህል ጭቃ።

መነኮሳቱ ከክረምት ሱባኤያቸው ስላልወጡ ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ ድምፅ ማጉያ የሚከራይ የለም። የሞተ ሰውም የለም... ምን ዓይነት መንደር ነው?

ማጉያዎቹን ከቤቱ ሥር አውጥቼ አየር አስነካኋቸው። አንዱ ሻግቷል። ጥቁሩ ውሻችን ክማው፣ አማቴ እማማ ዬን ይወቅጡበት በነበረው ቦታ፣ ከድንጋይ ሙቀጫው አጠገብ ተጋድሞ ዋለ። ከሞቱ አምስት ወር ሆናቸው። እሱ አሁንም ፍርፋሪ ይጠብቃል። ተስፋ ነው ወይስ ድንቁርና? በውሻ ላይ ሁለቱ አይለዩም። በሰውም።

ምሳ ዓሣ። እራት የምሳው ዓሣ።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ

ሚስቴ ሳሩን ከቤቱ መሰላል ወደቀች። ሦስተኛው ደረጃ ሻግቶ ያንሸራትታል፤ ላስተካክለው ካሰብኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቀኝ እጇ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ። ለሕመሟ የሰጧት ክኒን ደግሞ ሆዷን ያቃጥላታል።

ከክሊኒክ ስንመለስ፣ ሞተሩ ላይ ከኋላዬ፦

"አሥረኛው ቀን ገዳሙን የማብላት ተራ የኛ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እማዬ ከሞተች የመጀመሪያው የሙታን በዓል፣ የመጀመሪያው ፕችም ቤን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ቅመሙን ማን ሊወቅጥ ነው?"

መንገዱን አየሁ። በጣም የሚታይ መንገድ ነበር።

"እትዬ ሞም ብትወቅጥልንስ?" አልኩ። ሞም የአጥር ጎረቤታችን ናት።

"ሞም? እናቴ በሰባተኛው ገዳም በረሃብ ብትወድቅ ይሻላታል።"

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

ዛሬ የሲኦል በር ተከፈተ። እንግዲህ አሥራ አምስት ቀን ሙታኑ ፈቃድ አላቸው። ዘመድ ያበሰለውን ፍለጋ ሰባት ገዳም ይዞራሉ፤ ምግቡን መነኮሳቱ ይበላሉ፣ የሟቹ ስም ይነበባል፣ ለሟቹ ይደርሳል። በሰባቱም ገዳም ምግብ ያጣ ዘመዶቹን ረግሞ ይመለሳል። የአማቴን እርግማን በሕይወት ሳሉ ቀምሼዋለሁ። ከሞት በኋላ ምን ያህል እንደበሰለ መገመት አያቅትም።

ሳሩን ሕልም አየች። እናቷ ባዶ ሳህን ይዘው የገዳሙ በር ላይ ቆመዋል።

"ምን አሉሽ?"

"ምንም።"

ይህ ነው ያስለቀሳት። ምንም አለማለታቸው።

ነገሩን እኔም አውቀዋለሁ። ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው ቻ ክረንግ አማራቸው፤ ክረንግ የሚባለው የተወቀጠ ቅመም ከሥጋ ጋር ተቁላልቶ። የራሳቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳሩን ደግሞ በእኔ የሠርግ ሥራ ተወጥራለች። "ሂጂና ግዢላቸው" ያልኩት እኔ ነኝ። ከገበያ በፌስታል መጣ። አንድ ማንኪያ ቀመሱ። "ደህና ነው" አሉ፤ ሸፈኑት። የአማቴን ቋንቋ ለሚያውቅ "ደህና ነው" ከስድብ ሁሉ የከፋው ነው። ሌላውን ሲሰድቡ ቢያንስ ይሞቃቸው ነበር።

"ፖች" አለችኝ ሳሩን፣ "ዘንድሮ ካልበላች እኔ..." አልጨረሰችውም።

"እወቅጣለሁ" አልኩ።

ማን ተናገረ? አፌ። የማይክራፎን ሰው በሽታ ይህ ነው፤ ሳያስብ ይከፍታል።

ሴፕቴምበር 10፣ ረቡዕ

በዚህ መንደር ሰው በፊቱ አይታወቅም፤ በሙቀጫው ነው። ልጃገረድ ስትታጭ የወንዱ እናት መጀመሪያ የምትመጣው ለማየት አይደለም። አጥር ሥር ቆማ ለመስማት ነው። የእትዬ ሞም ውቀጣ የሚሸሽ በሬ ነው። የአማቴ ሰባት ምት፣ ጸጥታ... ሰባት ምት፣ ጸጥታ። ሰዓት የሌለው ሰው በእሳቸው ምሳ ይበላ ነበር።

የእኔ ዛሬ ተመረቀ።

ጠጅ ሣሩን ቆረጥኩ። ዝንጅብል የሚመስለውን ጠንካራውን ሥር፣ እርዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የሎሚ ቅጠሉን፣ ደረቅ በርበሬውን፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ሙቀጫ ውስጥ ጣልኩ። ዘነዘናውን አነሳሁ።

እትዬ ሞም ከአጥር ወዲያ፦ "ፖች! ምስማር ነው የምትመታው?"

"ክረንግ ነው፣ እትዬ።"

"ምን አድርጎህ ነው?"

ሩብ ሰዓት። ሸሚዜ ቢጫ፣ ጣቶቼ ቢጫ፣ አንድ ዓይኔ ቢጫ። የተወቀጠውን በዘይት አቁላላሁ፤ የበሬ ሥጋ፣ ፎሶልያ፣ በስተመጨረሻ ለውዝና በሶብላ። ሽታው ደህና ነበር። (ደህና! እኔም ጀመርኩ።)

ሳሩን አኘከች። አኘከች። ከጥርሷ መሀል አንድ የጠጅ ሣር ክር መዘዘች፤ ጀልባ ያስራል። ምንም አላለችም፤ የእናቷ ልጅ ናት።

የቀረውን ለክማው ሰጠሁት። አሸተተው፤ በእግሩ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ቀበረው። በክብር።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

ከተማ ሄጄ የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዛሁ። ሻጩ "ድንጋይም ይፈጫል" አለኝ። የአማቴን ልብ ይፈጭ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሳሩን ሳጥኑን አየችው። "ማሽን?"

"ደቂቃ አይፈጅም።"

"እማዬ ብታየው..."

"አያዩትማ።"

"በዚህ ሳምንት ታያለች።"

እውነቷን ነው። በር ተከፍቷል።

"እሷ ብትተወው መንደሩ ይሰማል" አለች። "ዋ... ው... ው... ሲል የማይሰማ አለ? የዬን ልጅ ለእናቷ ጭማቂ ላከች ይሉኛል። መልሰው!"

"ሰኞ እመልሰዋለሁ" አልኩ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልተጠየቅኩም።

ግን ነገሩ ሙያዬን ነካው። ጉዳዩ የድምፅ ጉዳይ ነው እኮ! ሃያ ሁለት ዓመት ድምፅ የሸጥኩ ሰው አንዲት መፍጫ ታሸንፈኝ?

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

አገኘሁ።

የድሮ ቅጂዎችን ሳገላብጥ አገኘሁት። የዛሬ ሁለት ዓመት በበጋ፣ አዲሱን መቅጃ ስሞክር ከቤቱ ሥር ከፍቼ ትቼው ነበር። ከፈትኩት... ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም። ጸጥታ። አማቴ! ሲወቅጡ!

ርዝመቱ ሃያ ደቂቃ ይላል። አራት ደቂቃ ያህል አዳመጥኩ፤ ሙሉውን መስማት አላስፈለገም። ውቀጣ ውቀጣ ነው።

ዕቅድ፦ ነገ ሳሩን ስብከት ልትሰማ ገዳም ትሄዳለች። እኔ ሩዝ ጎተራው ውስጥ እገባለሁ። መፍጫውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስነሳለሁ፤ በላዩ ላይ ቅጂውን እለቃለሁ። መንደሩ ውቀጣ ይሰማል፣ ማሽኑ ይፈጫል፣ የሳሩን ክብር ይጠበቃል፣ አማቴ ይበላሉ። አሁን ይህን ምን ይወጣለታል?

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

ወጣለት።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጎተራው ውስጥ ገባሁ። መፍጫው በሁለት ብርድ ልብስ፣ ማጉያው ከሩዝ ጆንያ ኋላ። ለቀቅኩት። ድምፁን ትንሽ ከፍ ሳላደርገው አልቀረሁም። ዝቅ ማድረግ አልተማርኩም፤ የሠርግ ሰው ነኝ።

ሁለት ደቂቃ ተፈጨ። ሁለቱንም አጠፋሁ። የተፈጨውን ወደ ሙቀጫው ገለበጥኩ፤ ሙቀጫውን አቅፌ እንደ ጀግና ወጣሁ።

ግቢው ሰው ሞልቷል።

እትዬ ሞም ጭቃው ላይ ተንበርክካ እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማለች። ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሴቶች። አንዷ ማማሰያ እንደያዘች ነው የመጣችው።

"ማን ነው የወቀጠው?" አለች ሞም በሹክሹክታ።

"እኔ ነኛ።"

ተንበርክካ ሳለች ሳቀች። "አንተ? ረቡዕ ምስማር ስትመታ የነበርከው?"

"ተሻሻልኩ።"

"ሸሚዝህን እዩት! ንጹሕ ነው! እርድ የወቀጠ ሰው ሸሚዝ ነው ይሄ? ሰባት ሰባት እየመታ ነበር እኮ! ሃያ ስምንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ እኔን ታታልለኛለህ? ዬን ናት! ዬን መጥታ ወቀጠች!"

ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አልተፈለገም። የራሳቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ያውም ከእኔው የተሻለ።

ሳሩን ከገዳም በሩጫ ደረሰች። አንድ ጫማ የለም፤ ጄሶው ጭቃ። "እማዬ ነበረች?"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ይህን ለራሴ ልጻፈው፦ እችል ነበር። ግን ፊቷን አየሁት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁባትም።

"እኔ እንጃ... ነበሩ መሰለኝ።"

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

ሳሩን እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኛች። "አልተቀየመችኝም ማለት ነው" ትላለች። "ተቀይማ ቢሆን ለእኔ ብላ ትወቅጥ ነበር?"

መንደሩ በሙሉ ሰባትና ሰባት ያለበት የሎተሪ ቁጥር እያሳደደ ነው።

የተፈጨውን አቁላልቼ ምሳ ሰጠኋት። ቀመሰች። ማንኪያውን አስቀመጠች።

"ድምፁ የእማዬ ነው። ጣዕሙ የማን ነው?"

"ሞት እጅ ያላሽቅ ይሆናል" አልኩ።

"ሙያ አይሞትም" አለች። ጎተራውን አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና ጎተራውን።

ብርድ ልብሶቹ ጠጅ ሣር ጠጅ ሣር ይሸታሉ። የት ልደብቃቸው?

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ

የገዳሙን ሥርዓት የሚያስኬዱት አቻር ቱች "እማማ ዬን ነገ በሦስት ሰዓት ዳግም ይወቅጣሉ" ብለው አወጁ። ማን ነገራቸው? ማንም። ደስ አላቸው፣ ተናገሩ። ያወጁትም በእኔው ድምፅ ማጉያ ነው፤ ለበዓሉ ያዋስኳቸው። በገዛ ዕቃዬ ታሰርኩ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመጣ ዋለ። አንዷ ሙቀጫዋን ይዛ መጣች፣ ይባረክልኝ ብላ። አንድ ሽማግሌ "ሲመጡ ያዋስኳቸውን ማጭድ የት እንዳደረጉት ጠይቅልኝ" አሉኝ። አንዱ ደግሞ፦ "ወዲያ ማዶ ቃሪያ ይገኛል ወይ?"

ነገ ሰው መጥቶ ምንም ባይሰማስ? ሳሩን "እናቴ ተቀየመችኝ" ትላለች። ይህን መስማት አልችልም።

አንድ ጊዜ ብቻ። አራት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ አማቴ በክብር ይሰናበታሉ፣ እኔም ሰው እሆናለሁ።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

እስክሪብቶውን በሁለት ጣት ይዤ ነው የምጽፈው። ከምን እንደሆነ ቆይቼ እጽፋለሁ።

ግቢው በምንጣፍ ተሸፍኗል። ስልሳ ሰው ይሆናል። ሳሩን ከፊት ናት፤ ነጭ ሸሚዟን ለብሳለች። እኔ ጎተራው ገባሁ፣ ማጫወቻውን ተጫንኩ፣ በኋላ በር ሮጬ ወጥቼ ከሕዝቡ መሀል ተቀመጥኩ። ንጹሕ ሰው ለመምሰል። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም። ጸጥታ።

ስልሳ ሰው አጎነበሰ። እኔም። በአራተኛው ደቂቃ ሹልክ ብዬ ሄጄ ላጠፋው ብድግ ስል አቻር ቱች እጄን ያዙ። "ልጄ፣ ተቀመጥ። አማትህ ናቸው። አክብራቸው።" ሽማግሌ ናቸው እንጂ እጃቸው የበሬ ቀንበር ነው።

አምስተኛ ደቂቃ። ስድስተኛ።

ከዚያ ድምፅ። የእሳቸው። ያ የተሰነጠቀ፣ ትንባሆ ያኘከ ድምፅ፦

"ክማው! ና እዚህ!"

ስልሳ ሰው ግንባሩን መሬት አስነካ። ክማው ከመሰላሉ ሥር እንደ ጥይት ተስፈነጠረ፤ ሰው ላይ እየተረማመደ ሄዶ የጎተራው በር ላይ ጅራቱን እየቆላ ተቀመጠ። ወይኔ... እሱስ ምን አጠፋ?

"ሞም ሄደችልህ?" አሉ አማቴ ለውሻው። "ጨው አበድሪኝ ብላ መጥታ... ሠላሳ ዓመት! አንድ ቀን የጨው ማስቀመጫ አይገዛም? ያበደርኳት ጨው ቢሰበሰብ ባሕር ይሞላል።"

እትዬ ሞም ከመሬት ቀና አለች። "ሃያ ስምንት ዓመት ነው!" ብላ ጮኸች፣ ወደ ሰማይ። ከዚያ ደግሞ ከጎኗ ላለችው፣ በኩራት፦ "ሰማሽ? በስሜ ጠራችኝ።"

ያኔ ነው የመጣው። ከሩቅ፣ ከቅጂው ውስጥ፣ ያን ዕለት ማንጎው ዛፍ ላይ ጥሩምባ ድምፅ ማጉያ ስሰቅል፦

"ሙከራ! ሙከራ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! የፖች ድምፅ ማጉያ! ለሠርግ፣ ለቀብር፣ ለቤት ምርቃት! ሙከራ!"

እኔ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ስልሳ ፊት ወደ እኔ ዞረ። አፌን ያዩታል። አፌ ዝግ ነው። ድምፄ ይጮኻል። በዓለም ላይ እንደዚያች ሰዓት አፌን በደንብ ዘግቼው አላውቅም። ምን ይጠቅማል?

አቻር ቱች እጄን ለቀቁኝ። አሁን መሮጥ ይቻላል። ወዴት?

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አማቴ ገና አልጨረሱም።

"ይጩኽ፣ ይጩኽ" አሉ ለክማው። "በርበሬ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ይብቃ። ዘጠኝ ነበር የምጥለው፤ ያ ሰውዬ ሆዱን ያመዋል። ሃያ ዓመት የማያቃጥል ቻ ክረንግ አስበላኝ። እንዳትነግረው፣ ይኮራል።"

ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም ዱም።

ሳሩን ተነሳች። መሰላሉን ወጣች። ሦስተኛውን ደረጃ ዘለለችው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

አቻር ቱች ፈረዱ፦ እስከ በዓሉ ማብቂያ የገዳሙን ድስት በሙሉ አጥባለሁ። "ውሸት ኃጢአት ነው" አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ዞረው፦ "የድምፁ ጥራት ግን ግሩም ነው።"

ሰው ተበተነ። ክማው ብቻ ከጎተራው በር አልነሣም አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት "አንተ ሰውዬ" ብለውኛል። የሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ምግባቸው ሁሌም አንድ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ማቃጠል። ለሰው ሁሉ "አማቴ በርበሬ ይሰስታሉ" እያልኩ አውርቻለሁ። በማይክራፎንም ጭምር፣ በሠርግ ላይ፣ እንደ ቀልድ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሳሩን ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል። ጎተራው ገባች፤ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

"ሳሩን፣ እኔ..."

"ዝም በል። አጫውተው።"

"ምኑን?"

"ከመጀመሪያው። ሙቀጫውንም አምጣ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ዱም ዱም ዱም...

"ደረቅ ነው፣ ትሰማለህ? በርበሬና ጨው ብቻ። ይህን መጀመሪያ ታደቃለች። አንተ ሁሉን በአንዴ ነው የጣልከው። ወቅጥ።"

ወቀጥኩ።

"አሁን ጠጅ ሣር። ሻ፣ ሻ ይላል። በጣም ስስ አድርጋ ከትፋዋለች። አሁን ያ ጠንካራው ሥር... አሁን የሎሚ ቅጠል፣ ድምፅ የለውም፣ ምቱ ይለሰልሳል። አሁን እርድ። ነጭ ሽንኩርቱ መጨረሻ ነው፤ ይረጥባል። ስማው!"

"ያ ጸጥታስ? ከሰባት በኋላ?"

"በማንኪያ ጠርዙን ትጠርጋለች። ወደ መሀል ትመልሰዋለች።"

ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ምታቸውን ሰማሁ፤ ሥራው ያለው ጸጥታው ውስጥ ነበር።

አራት ጊዜ ደፋን። አምስተኛው ላይ ሳሩን በጣቷ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

"የፌስታሉን ቀን" አለች፣ "ልንገርህ? ከዚያ በኋላ ልሠራላት አስቤ ነበር። ለነገ፣ ለነገ ስል..."

"ግዢላቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ።"

"ነህ" አለች። ትንሽ ቆይታ፦ "ስንት በርበሬ ጣልክ?"

"አራት።"

"ነገ የምትበላው አንተ አይደለህም። ዘጠኝ ጣል።"

መዳፌ ላይ ሦስት ውኃ የቋጠረ እብጠት አለ። እስክሪብቶውን በሁለት ጣት የያዝኩት ለዚህ ነው።

ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

ተራችን።

በደጅ ወቀጥኩ። በአደባባይ፣ በአማቴ ቦታ፣ ሸሚዜ ቢጫ ሆኖ። መንደሩ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ከአጥር ወዲያ እትዬ ሞም፦

"ፖች! ዛሬ አፍህን ከፍተህ ነው ወይስ ዘግተህ?"

"ከፍቼ ነው፣ እትዬ!"

"በል ቀጥል! ምስማሩ ሊገባ ነው!"

በአራት ሰዓት ገዳም ደረስን። የእማማ ዬን ስም ተነበበ። ሳሩን በግራ እጇ ሳህኑን አቀረበች። የገዳሙ አለቃ አማቴ ያበሰሉትን ሠላሳ ዓመት የበሉ ሰው ናቸው። አንድ ጎረሱ።

ቆሙ። ፊታቸው ቀላ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከጎናቸው ያሉት መነኮሳትም አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ። ምእመናኑ ይህን ሲያዩ ተላቀሱ፤ አቻር ቱች "እንዴት ያለ ፍቅር ነው" እያሉ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ዘጠኝ በርበሬ ነው እኮ!

የገዳሙ አለቃ ውኃ ጠጡ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሳህኑን ገፉ... ለካ የገፉት ወደ እኛ ነው። እንዲጨመር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ድስት አጠብኩ። በደስታ።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

ሳሩን ሕልም አየች።

"እየበላች ነበር" አለችኝ። "ጣቷን እየላሰች። ማን ወቀጠው አለችኝ። ፖች ነው አልኳት።"

"እና?"

"'ያ ሰውዬ?' አለች። ሳቀች፣ ሳቀች... ከዚያ ጨው አንሶታል አለች።"

ጨው አንሶታል! ደህና ነው አላሉም!

ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ሙታኑ ተመልሰዋል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ድስቶቹ አልቀዋል። የመሰላሉን ሦስተኛ ደረጃ ቀየርኩት። መፍጫውን እትዬ ሞም ወሰደችው፤ የሸንኮራ ጭማቂ ልሠራበት ብላ። ዋ... ው... ው... ይላል። ሰው ሁሉ ይሰማል። ምን አገባት?

ሙቀጫው አጠገብ ተቀምጬ ስወቅጥ በዝናቡ መጣች፣ ላስቲክ ተከናንባ። በእጇ አዲስ የጨው ማስቀመጫ፣ ክዳኑ ቀይ።

"ይኸው! ገዛሁ! ያቺ ሴትዮ ትየው!"

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ እትዬ።"

"በል ሙላልኝ።"

ሞላሁላት። ስትሄድ መለስ ብላ፦ "ከድልድዩ ወዲያ ሆኜ ሰማሁህ። ከጎኔ ያለችው ማን ነው የሚወቅጠው ብትለኝ፣ ፖች ነዋ አልኳት።" እኔ መውቀጤን ቀጠልኩ፤ ሰባት ምት፣ ጸጥታ።

ሳሩን ከላይ፣ ከቤቱ ውስጥ፦ "ዘጠኝ ጣልክ?"

"ዘጠኝ!"

የክሊኒኩ ክኒን አሁንም ሆዷን ያቃጥላታል። አትናገርም እንጂ ስትገላበጥ እሰማታለሁ።

አራት ጣልኩ። ክማው አየኝ።

"እንዳትነግራት" አልኩት።

መቅጃው ዝግ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።